የእናቴ መሬት ለልማት ተፈለገ፤ ትፈርም ወይስ እምቢ ትበል?

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረውም የምሠራውም አራት ኪሎ ነው። ቤተሰቦቼ ግን ሰሜን ሸዋ ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እናቴ ከታናሽ ወንድሜና ከሚስቱ ጋር ትኖራለች። የሚያርሰው እሱ ነው። ስድስት ጥማድ መሬት አለን። ገብስ፣ ባቄላና ምስር ይዘራበታል፤ ዳር ዳሩ ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያው እህል በየዓመቱ ለእኔም ይላክልኛል። በቅርቡ መሬቱ ለልማት እንደሚፈለግ በስብሰባ ተነገረ፤ ቀጥሎ ደብዳቤ መጣ። እናቴ ደብዳቤውን አልነካም አለች። ‹በ1989 ገመድ ይዘው መጥተው ከመሬቴ ቀነሱ፤ ዛሬ ደግሞ የቀረውን? ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው› ትላለች። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ ካሳው ቶሎ ይውጣና ለአራት እንካፈል፣ ሥራ እንጀምርበት እያለ ነው። እህቴ ጠበቃ ይዘን እናስቁም ትላለች። ታናሹ ወንድሜ ዝም ብሏል። ሁሉም እኔን እናትሽን አሳምኚ ይሉኛል። ምን ብዬ ላሳምናት? መሬቱን ማስቀረትስ ይቻላል?»

መልስ

እህቴ፣ በመጨረሻ ከጠየቅሽው ልጀምር። መሬቱን ማስቀረት ይቻላል ወይ? በከንቱ ተስፋ አላቆይሽም። ብዙውን ጊዜ አይቻልም። የገጠር መሬት በ1967ቱ አዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ በገበሬው እጅ ያለው የመጠቀም መብት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። ያው አንቀጽ ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም ሲያስፈልግ መንግሥት ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ የግል ንብረት መውሰድ ይችላል ይላል። መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የኢንዱስትሪ መንደሩም በዚህ ስር ይገባል።

እህትሽ ጠበቃ ትያዝ፤ አልቃወምም። የማስለቀቂያ ትእዛዙ በጽሑፍ መሰጠቱን፣ የሰጠውም ሥልጣን ያለው አካል መሆኑን መመርመር ተገቢ ነው። ግን የቤተሰቡ ጉልበት በሙሉ «መሬታችን አይነካ» በሚለው ላይ ካለቀ፣ የመሬቱ ልኬትና የካሳው ግምት ያለ ጠያቂ ያልፋል። ሰው በጣም የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ታላቅ ወንድምሽ ካሳውን የሚያየው እንደ መሬቱ ዋጋ ነው። የአባት መሬት ነው፣ ገንዘብ ሆኗል፣ ልጆች እንካፈል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚከፍለው ለመሬቱ አይደለም። በአንድ በኩል በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለማሻሻል ለወጣበት ይከፍላል፤ ለቤቱ፣ ለዛፉ፣ ለካቡ፣ ለእርከኑ። በሌላ በኩል ገበሬው ከእርሻው ስለተነሳ የሚሰጥ ካሳ አለ። በቋሚነት ተነስቶ ምትክ መሬት ያላገኘ ገበሬ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ከፍተኛው የዓመት ገቢው ተወስዶ በ15 ይባዛለታል። በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 የ5 ዓመቱን አማካይ ገቢ በ10 ነበር የሚያባዛው።

እስቲ አስቢው። በ15 የሚባዛው ምንድን ነው? ገብሱ ነው፣ ባቄላው ነው፣ ምስሩ ነው። ገና ያልተዘራ የ15 ዓመት እህል በአንድ ቀን ወደ ብር ተለውጦ ይመጣል ማለት ነው። ያን እህል ማን ሊያርሰው ነበር? ማን ሊበላው ነበር? ታናሽ ወንድምሽ፣ ሚስቱ፣ እናትሽ። አንቺ የሚቀርብሽ በዓመት አንዴ የሚላከው ጆንያ ነው። ለታላቅ ወንድምሽና ለእህትሽም ከዚያ ብዙ የሚበልጥ አይመስለኝም። ስለዚህ ለአራት እኩል መካፈል እኩልነት ይመስላል እንጂ ፍትሕ አይደለም። ነገ የሚያርሰው መሬት የሌለውን ሰው ቀለብ ቆርሶ መውሰድ ነው።

ታላቅ ወንድምሽን ክፉ ነው አላልኩም። አዲስ አበባ ውስጥ ኪራይ እየከፈለ የሚኖር ሰው ይህን ያህል ብር ሲሰማ ልቡ ቢነሳ አይፈረድበትም። ግን እናት በሕይወት እያለች ውርስ የሚባል ነገር ምን አመጣው? አባታችሁ ትቶት ያለፈው ድርሻ ካለ የሚታይበት የራሱ መንገድ አለው። ካሳውን ግን ከእሷ አፍ ነጥቆ መካፈል አይገባም።

ዝም ያለው ታናሽ ወንድምሽ በጣም ያሳስበኛል። በአገራችን እንደሱ ያለ ብዙ ሰው አለ። እናቱ በቃል «ይሄን አንተ እረስ» ብላ የሰጠችው፣ ጎጆ የወጣበት፣ ወረቀት ላይ ግን ስሙ የሌለበት። ካሳ ሲመጣ እንዲህ ያለው ሰው እንደ ጥገኛ ይቆጠራል። አንደኛው ወንድም ከተማ ተምሮ አፉ የተፈታ ሲሆን እሱ ይሸማቀቃል። ብሩ ሳይመጣ በፊት፣ ሽማግሌ ባለበት፣ እሱና ሚስቱ የሚያገኙት በጽሑፍ ይቀመጥ። ሚስቱም ትገኝ፤ እሷም አርማ፣ አጭዳ፣ ወቅታ ነው ያ እህል ጎተራ የገባው። ብሩ ከገባ በኋላ የሚጀመር ሽምግልና ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጀመረው።

ቀጥሎ ደብተሩን እዪ። የይዞታ ማረጋገጫው በማን ስም ነው? ብዙ ቦታ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። ባል ሲያርፍ ግን ወረዳ ድረስ ሄዶ የሚያስተካክል ሰው ጥቂት ነው። የአባትሽ ስም እስካሁን ካለበት ከግምቱ በፊት ይስተካከል። ካሳ የሚወጣው በስም ነው፤ የወራሽነት ጉዳይ ፍርድ ቤት ከገባ ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ስፋቱንም እዪ። በመጀመሪያው ዙር ከተሰጡት ደብተሮች መካከል ስፋቱ በገመድ ወይም በዓይን ግምት የተሞላ አለ። ጥማድ በግርድፉ ሩብ ሄክታር ነው፤ ስድስቱ ጥማድ ወደ አንድ ሄክታር ተኩል ይመጣል ማለት ነው። ባለሙያው በመሣሪያ ለክቶ ከዚህ በጣም ያነሰ ቁጥር ካወጣ እዚያው ቆማችሁ ጠይቁት። ቁጥሩ ቢሮ ገብቶ ከታተመ በኋላ ማስለወጥ መከራ ነው።

ከዚያ ገማቾቹ ይመጣሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሞኘው በዚህ ቀን ነው። «በዓመት ስንት ኩንታል ታገኛላችሁ?» ይሏችኋል። ገበሬ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ምርቱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ግብር ይፈራል። የሰው ዓይንም ይፈራል። «ኧረ ምን ተገኘ፣ ውርጭ መታው» ይላል። በሌላ ቀን ይህ ጠባይ ጉዳት የለውም። በግምት ቀን ግን ዝቅ ተደርጎ የተነገረው እያንዳንዱ ኩንታል በ15 ተባዝቶ ይጎድላል። ከዓመቱ ገቢ 20,000 ብር ሳይቆጠር ቢቀር ከካሳው ላይ የሚጠፋው 300,000 ብር ነው። ይህን ለእናትሽና ለወንድምሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አይጨምሩ፤ ያለውን ግን አይደብቁ።

«ከፍተኛው ዓመት» የሚለውንም አትርሱ። ከ3ቱ ዓመት እህሉ ያማረው የትኛው ነበር? የዚያን ዓመት ማስረጃ ፈልጉ። የማዳበሪያ ደረሰኝ፣ ለገበሬዎች ህብረት ሥራ ማህበር የሸጡበት ወረቀት፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የያዘው መዝገብ። ገለባው ከብት ይቀልባል፣ ይሸጣልም፤ እሱም ገቢ ነው፤ ይቆጠር። በበልግ የሚዘራ ካለ ይቆጠር። ባሕር ዛፉ በቁጥርና በውፍረት ይቆጠር እንጂ «አንድ መደብ ባሕር ዛፍ» ተብሎ አይጻፍ። ጌሾው፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ የድንጋይ አጥሩ፣ አባታችሁ የሠራው እርከን ሁሉ ይጻፍ። ከጎረቤት ጋር በጋራ የምታግጡበት የወል መሬት ከተወሰደም ካሳ አለው፤ ይህን ብቻችሁን ሳይሆን ከመንደሩ ሰው ጋር ሆናችሁ ጠይቁ። ስልክ ያለው ሰው ሁሉንም ፎቶ ያንሳ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ ለተሠራ ቤት ወይም ለተተከለ ዛፍ ካሳ አይከፈልም። ደላላ መጥቶ «ቆርቆሮ ጣል ጣል አድርጉበት» ቢላችሁ አትስሙት። ትርፉ ዕዳ ነው።

ፊርማውን በተመለከተ። እናትሽ ደብዳቤውን አልነካም ማለቷ ይገባኛል። ግን አለመንካቷ መሬቱን አያቆየውም። የሚያሳጣት የመናገር ዕድሏን ነው። የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት የሚችለው በ30 ቀን ውስጥ ነው። እዚያ ካልረካ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ሁሉም የየራሱ ቀነ ገደብ አለው። ስለዚህ እናትሽ የፊርማዎቹን ልዩነት ትወቅ። «ደብዳቤው ደርሶኛል» ብላ ብትፈርም መብቷን አላጣችም፤ የደረሰበትን ቀን ግን ታስጽፍ። «በግምቱ ተስማምቻለሁ» የሚለው ሌላ ነው። ይህኛው ዝርዝሩ ሳይነበብላት፣ ቅጂው እጇ ሳይገባ አይፈረምም። አሻራም ፊርማ ነው። ስብሰባ ላይ የተገኙ ሰዎች ዝርዝር ተብሎ የሚዞረው ወረቀት እንኳ ከላይ ምን እንደሚል ይነበብ። ካሳው ሳይከፈል ዶዘር ከመጣ ደግሞ ጭቅጭቅ ውስጥ አትግቡ። ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን መዝግቡ፣ በዚያው ቀን በጽሑፍ አመልክቱ። ካሳ በቅድሚያ ይከፈላል የሚለው የሕገ መንግሥቱ ቃል ነው።

አንቺ አራት ኪሎ መሆንሽ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው እዚያው ሰፈርሽ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው። አዋጁንና ማስፈጸሚያውን ደንብ ቁጥር 472/2012 ፈልገሽ ያዢ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ማሻሻያውን አብረሽ ውሰጂ። ካሳ የመክፈሉ ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ወደ ከተማ አስተዳደሮች የዞረው በዚያ ነው፤ ስለዚህ ክልሉ ያወጣውንም መመሪያ ከወረዳው ጠይቂ። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ እናትሽ ደግሞ ባለ ይዞታዋ ናት። ወረዳ ቢሮ ገብቶ «በሕጉ መሠረት» ማለትና ወረቀቱን ዘርግቶ «ይኸው ይህ ቁጥር» ማለት አንድ አይደለም። ያንን ወረቀት ለእናትሽ ማድረስ የምትችዪው አንቺ ነሽ።

ምትክ መሬት ይሻላል ወይስ ብር? የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። ለሚያርስ ሰው መሬት ይሻላል። ምትክ መሬት ከተሰጠ ካሳው በ15 አይባዛም፤ በጣም ያንሳል። ታላቅ ወንድምሽ ይህን ሲሰማ እንደሚከፋው አውቃለሁ። ግን በአዲስ አበባ ዙሪያ የሆነውን እናውቃለን። ካሳ ተቀብለው ከተነሱ ገበሬዎች ብዙዎቹ ብሩ ካለቀ በኋላ፣ ቀድሞ ያርሱት በነበረው መሬት ላይ በተሠራው ግቢ ዘበኛና የቀን ሠራተኛ ሆነዋል። ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። የሚያውቁት ሥራ እርሻ ነበር፤ የማያውቁትን ሥራ የሚያስተምራቸው አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ሰው ካሳና በቂ ድጋፍ ያለው መልሶ መቋቋም ይገባዋል ይላል። ስለዚህ ከብሩ ሌላ ምን ድጋፍ እንዳለ ጠይቁ። የወጣቱ ሥልጠና፣ በሚመጣው ፕሮጀክት ውስጥ ሥራ፣ የቤት መሥሪያ ቦታ። ምትኩን መሬት ግን ሳታዩ አትቀበሉ። ወንድምሽ ሄዶ አፈሩን ይንካው። ዋልካ ነው ወይስ ጭንጫ? ውሃ አለው? ሌላ ሰው እያረሰው አይደለም? በሌላ ሰው እንባ ላይ የተሰጠ ምትክ ነገ ጠብ ይዞ ይመጣል።

ምትክ ከሌለና ብር ከሆነ፣ በእናትሽ ስም ባንክ ይግባ። የወንድምሽና የሚስቱ ድርሻ ለብቻው በሁለቱ ስም ይሁን። ብሩ በገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትልቅ ነገር አይገዛ። ያን ጊዜ ነው ዘመድ የሚበዛው፣ ባጃጅ የሚያሻሽጥ የሚመጣው፣ «አትርፌ እመልሳለሁ» የሚል የሚመጣው። ተኝቶ የከረመ ብር አቅሙ እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ዓመታት ይቀመጥ አላልኩም። ግን መጀመሪያ ወንድምሽ በምን እንደሚኖር ይወሰን። የደብረ ብርሃን አካባቢ የወተት አገር ነው፤ ከብት ያውቃል፤ ከዚያ ቢጀምር ከማያውቀው ንግድ ይሻለዋል።

አሁን እናትሽ። ምን ብዬ ላሳምናት ብለሻል። አታሳምኚያት። በ1989 የመሬት ሽግሽግ ጊዜ ዓይኗ እያየ መሬቷ የተቆረጠ ሴት፣ አሁን ባለመብት ነሽ ተብላ ደብተር ከያዘች በኋላ ድጋሚ ሲመጣባት አላምንም ብትል ልክ ናት። ልማት ጥሩ ነው ብለሽ አትስበኪያት። ብሩ ብዙ ነው ብለሽም አታጓጊያት፤ እሷ የምታዝነው ለብር አይደለም። እውነቱን ንገሪያት። «እማዬ፣ መሬቱ ላይቀር ይችላል። ቁጥሩ ግን ያላንቺ ልክ አይሆንም» በያት። ድንበሩን ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። የትኛው ዛፍ መቼ እንደተተከለ፣ የትኛው እርከን በማን ጉልበት እንደተሠራ የምታውቀው እሷ ናት። ገማቾቹ ሲመጡ ከፊት ትሂድ፤ እያንዳንዱን እያሳየች ታስቆጥር። እምቢታዋን ማሳያ ቦታ ታገኛለች። ብታለቅስም ታልቅስ፤ አታስቸኩሏት።

ሌላው የሚያስፈራት ጎረቤቶቿ ይመስሉኛል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የተነሱትን ሰዎች ከአንቺ በላይ የቀረባቸው የለም፤ የሰፈርሽ ጎረቤቶች ነበሩ። እስቲ ያገኘሻቸውን ጠይቂያቸው። ከቤቱ በላይ የሚያነሱልሽ ዕድሩን፣ ደንበኛውን፣ ጠዋት ቡና የሚጠራቸውን ሰው ነው። እናትሽም ሰንበቴዋ፣ ማህበሯ፣ ዕድሯ እዚያ ነው። ስለዚህ አብረው የሚነሱት ጎረቤቶች በአንድነት አንድ አካባቢ እንዲሰፍሩ አሁን፣ በጽሑፍ፣ የሁሉንም ፊርማ ይዛችሁ ጠይቁ። ለብቻ የሚጮህን ሰው ቢሮ አይሰማውም፤ መንደር ሲመጣ ግን ወንበር ይሰጣል።

ታላቅ ወንድምሽን ስታናግሪ በስልክ አይሁን። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተሽ አብራችሁ ከላምበረት ተሳፈሩ። እናቱ ፊት፣ ወንድሙ ፊት፣ ማሳው ላይ ቆሞ «ለአራት እንካፈል» ይበል እስቲ። የሚለው አይመስለኝም። ቢልም ደግሞ ሽማግሌዎቹ እዚያው አሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ደውይና ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ጠይቂ። 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።